የአከርካሪ አጥንት ማጋጠሚያ ቀዶ ሕክምና፤ ታማሚዎች ሊያውቁት የሚገባ

የጀርባ መጉበጥን ከሚያስከትሉ ሕመሞች አንዱ የአከርካሪ አጥንት ቲቢ ነው። በደባርቅ፣ በዳባትና በጃናሞራ ደጋማ ቀበሌዎችም ሆነ በጎንደር ከተማ ሕመሙ እንደ እርግማን ተቆጥሮ ሕክምናው ከዘገየ፣ ሊድን ይችል የነበረ ሰው ለእግር ሽባነት ሊዳረግ ይችላል።

የማያቋርጥ የጀርባ ሕመም፣ የሌሊት ላብ፣ ትኩሳትና የክብደት መቀነስ የሕመሙ ምልክቶች ናቸው። የፀረ ቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ የሚሰጥ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ታማሚዎች ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናሉ። ይሁን እንጂ የአጥንት ቲቢ ሕክምና ከሳንባ ቲቢ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚጠይቅ፣ ሕመሙ ቀለል ሲል መድኃኒቱን ማቋረጥ አይገባም።

ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ኅብለ ሰረሰር ሲጫን፣ አከርካሪው መረጋጋት ሲያጣ ወይም ጉብጠቱ ሲከፋ ነው። በማጋጠሚያ ቀዶ ሕክምና በአንጓዎቹ መካከል የአጥንት ንቅለ ተከላ ይደረጋል፤ ብሎንና የብረት ዘንግም አጥንቶቹ አንድ ሆነው እስኪያድጉ ደግፈው ይይዟቸዋል። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1911 በኒውዮርክ በዶክተር ራስል ሂብስና በዶክተር ፍሬድ አልቢ ሲጀመር የታለመውም ለዚሁ የአከርካሪ ቲቢ ነበር።

ታማሚው አስቀድሞ ሊገነዘባቸው የሚገቡ ነጥቦች አሉ። የተጋጠመው ክፍል ዳግም አይተጣጠፍም። የደም መፍሰስ፣ የቁስል ማመርቀዝ፣ የነርቭ ጉዳትና የአጥንቱ አለመጋጠም ሊከሰቱ ይችላሉ። አጥንቱ እስኪጋጠም ወራት ስለሚወስድ፣ ሐኪም እስኪፈቅድ ድረስ ውኃ ከመቅዳት፣ እንጨት ከመሸከምና ከማረስ መቆጠብ ያስፈልጋል። ሲጋራ ማጨስም የአጥንቱን መጋጠም ያጓትታል። የመንግሥት ሠራተኞችም ቀዶ ሕክምናው ከመደረጉ በፊት ስለ ሕመም ፈቃድና ስለ ሥራ ምደባ ከመሥሪያ ቤታቸው ጋር መነጋገራቸው ጠቃሚ ነው።

እጅግ የከፋ ጉብጠት ያለባቸው በርካታ ኢትዮጵያውያን፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ ኢትዮጵያ በመጡት አሜሪካዊ ሐኪም በዶክተር ሪክ ሆደስ አማካይነት ወደ ጋና ተልከው፣ የአከርካሪ ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ኦሄኔባ ቦአቺ አጄ ባቋቋሙት የፎኮስ ድርጅት ታክመዋል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ራሳቸው ላይ በሚታሰር ቀለበት አከርካሪያቸው ለሳምንታት ቀስ በቀስ እንዲሳብ የተደረገላቸውም አሉ።

ሆኖም ቀደም ብሎ የታወቀ ሕመም ይህን ሁሉ ላይጠይቅ ይችላል። በመሆኑም የጀርባ ሕመም ያልለቀቀው ሰው ሳይውል ሳያድር በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ሊሄድ ይገባል። የእግር መድከም፣ መደንዘዝ ወይም ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ከታየ ደግሞ በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል መወሰድ ይኖርበታል።