ከአርዲቦ ሐይቅ አጠገብ የተዘረጋ ትንሽ ሐዲድ

ከደሴ በስተሰሜን፣ ከሐይቅ ከተማ ሳይርቅ፣ አርዲቦ የተባለው ሐይቅ በተራሮች መካከል ይገኛል። የእስጢፋኖስ ገዳም ካለበት ከታችኛው ሐይቅ ይልቅ በከፍታ ላይ ያለ ነው። እኔም ሱቄን ለልጆቼ አስረክቤ በዚህ አካባቢ ከተቀመጥሁ ወዲህ፣ ከሃምሳ ዓመት በፊት ወደ ተውሁት ሥራ ተመልሻለሁ፤ ይኸውም በጠረጴዛ ላይ ትንሽ የምድር ባቡር መሥራት ነው። ይህን የሽምግልና ጨዋታ ለነጋዴ ወገኖቼ የማወራው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ስለ ዕቃ ልክና ስለ ደንበኛ እምነት በሱቅ ካሳለፍሁት ዘመን ያላነሰ ትምህርት ሰጥቶኛልና።

ልጅነቴን ያሳለፍሁት በድሬዳዋ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የፈቀዱት ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። ከተማዋ በሐዲድ የተወለደች ስለሆነች፣ እኛ ልጆቿ የባቡሩን ፉጨት እንደ ሰዓት ደወል እንቈጥረው ነበር። አባቴ ከፈረንሳይ የመጣ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ አሻንጉሊት ባቡር ገዝተው ሰጡኝ። ጥቂት ዓመታት ከተጫወትሁበት በኋላ ግን የእንጀራ ነገር ስለ ያዘኝ፣ ባቡሩ በሣጥን ተቈልፎ ከቤት ወደ ቤት አብሮኝ ሲዞር ኖረ።

ሣጥኑን በከፈትሁ ጊዜ የናሱ ሐዲድ ጠቍሮ ነበር። የጠቈረ ናስ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ቍራጭ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ወልውዬ፣ ለሎኮሞቲቩ ሞተር ጥቂት የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አደረግሁለት። ዛሬ የሚሸጠው ሐዲድ ከመዳብ፣ ከኒኬልና ከዚንክ ቅልቅል የሚሠራ በመሆኑ ይህን ያህል አያስቸግርም። ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው፤ ባሕር ማዶ ያለ ዘመድ አዲስ ሐዲድ ልኮልኝ ከአሮጌው ጐን ባስቀምጠው፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ዐይነት ሆኖ ተገኘ፤ 16 ሚሊ ሜትር ተኩል። ሃምሳ ዓመት የኖረው ሎኮሞቲቭ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ሐዲድ ሳይሰናከል ተሻገረ።

ይህ ያለ ዕቅድ የሆነ ነገር አይደለም። ሜርክሊን የተባለው የጀርመን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1891 በላይፕሲክ የንግድ ትርኢት ላይ ስፋታቸው በቍጥር የተወሰነ ሐዲዶችን አቀረበ። በዚህ ዓመት ባቡር የገዛ ደንበኛ በሚቀጥለው ዓመት ሐዲድ፣ ከዚያም ፉርጎ፣ ከዚያም ጣቢያ ለመግዛት እንዲመለስ ታስቦ የተደረገ ነበር። ብልህ ነጋዴ የሚያተርፈው ከመጀመሪያው ሽያጭ ብቻ ሳይሆን ደንበኛው ደጋግሞ በመመለሱ እንደ ሆነ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

እኔ የምሠራበት መጠን ከእውነተኛው ሰማንያ ሰባት ጊዜ ያነሰ ነው። የቀድሞው የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ነበረ፣ በዚህ መጠን ልሥራው ብል 9 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ያሻኛል! ሒሳቡን ስቀጥል ሌላ ነገር ተገለጠልኝ። የዚያ መስመር ስፋት አንድ ሜትር ስለ ነበረ፣ በዚህ መጠን 12 ሚሊ ሜትር ግድም ይሆናል። 16 ሚሊ ሜትር ተኩል የሚሆነው ግን 1435 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመር ነው። እንግዲህ በልጅነቴ የድሬዳዋ ባቡር እያልሁ የተጫወትሁበት፣ በስፋቱ ገና ያልተሠራው ባቡር ነበር ማለት ነው።

የስፋት ነገር በጠረጴዛ ላይ ጨዋታ ቢመስልም በምድር ላይ ገንዘብ ነው። ሁለት ስፋት በሚገናኙበት ቦታ ፉርጎው አይሻገርም፤ ዕቃው ይራገፋል፣ ዳግመኛ ይጫናል፣ የወዛደርና የመጋዘን ሒሳብ ይጨመርበታል። ሥራው በ2007 ዓ.ም. ተጀምሮ ኋላ በጦርነቱ የተጐዳው የአዋሽ፣ ኮምቦልቻና ሐራ ገበያ መስመር በ1435 ሚሊ ሜትር መቀየሱም ስለዚህ ነው፤ ለአገልግሎት ሲበቃ ከጅቡቲ የተጫነ ፉርጎ ሳይራገፍ ወሎ ለመግባት ይችላልና።

የእኔ ጠረጴዛ አንድ ሙሉ ኮምፔንሳቶ፣ ማለት 244 በ122 ሳንቲ ሜትር ነው። ተራሮቹን በሽቦ ወንፊት ላይ በጀሶ አበጀሁ፤ ሣሩ ቀለም የተነከረ ሰጋቱራ ነው፤ አርዲቦን በላይ፣ ሐይቅን በታች አድርጌ በሰማያዊ ቀለምና በቬርኒሽ ሠራኋቸው። ችግሩ ባቡሩን ከታች ወደ ላይ ማውጣት ነበር። አንዱ ሐዲድ በሌላው ላይ እንዲያልፍ ሰባት ሳንቲ ሜትር ተኩል መውጣት አለበት፤ ዳገቱ በመቶ ሁለት ተኩል ቢሆን ሦስት ሜትር ሐዲድ ይፈጃል። በዚህም ዳገት በሜዳ ስምንት ፉርጎ የሚስበው ሎኮሞቲቭ ከአራት በላይ አልቻለም። በተራራማ አገር የባቡር ሐዲድ ዋሻና ድልድይ የሚበዛበት ምክንያት በዚያን ቀን ገባኝ።

ጥፋትም አልቀረልኝም። ከአንድ ሻጭ ያገለገለ ሎኮሞቲቭ አስመጣሁ፤ በደረሰኙ ላይ የተጻፈው «16 ሚሊ ሜትር ተኩል» የሚል ብቻ ነበር። ሐዲዱ ላይ ባስቀምጠው ወዲያው ኮንታክት ፈጠረ፤ ትራንስፎርመሩም ተበላሸ። ለካስ መካከለኛ የኤሌክትሪክ መስመር ላለው ሌላ ዐይነት ሐዲድ የተሠራ ስለ ነበረ፣ ግራና ቀኝ መንኰራኵሮቹ በኤሌክትሪክ አልተለያዩም ነበር። ሻጩ አልዋሸም፤ ነገር ግን ከእውነቱ ግማሹን ብቻ ጻፈ። እኔም ሁለተኛ ከእርሱ አልገዛሁም።

የልጅ ልጄ ሁልጊዜ ማታ እየመጣ «አባባ፣ ዛሬስ አርዲቦ ደረሰ?» ይለኛል። አዎን፣ ደርሷል፤ በአራት ፉርጎም ቢሆን። የደረሰውም ከሃምሳ ዓመት በፊት የነበሩ ሠሪዎች ልካቸውን ስላልለወጡ ነው። እንግዲህ ዕቃ የምታስመጡም ሆናችሁ በችርቻሮ የምትሸጡ ወገኖቼ፣ የዕቃውን ልክ፣ የኤሌክትሪኩን ዐይነትና መለዋወጫውን በደረሰኙ ላይ ሙሉ አድርጋችሁ ጻፉ። ዛሬ የሸጣችሁት ዕቃ ነገ ከሌላው ዕቃ ጋር የሚጋጠም ከሆነ፣ ደንበኛው ቢሸመግል እንኳ ተመልሶ ይመጣል።