ቆሻሻው የሚያርፍበት ሰፈር ሰው መቼ ይጠየቅ?

የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ ዕቅድ አንድ ከተማ ወይም ክልል በየቀኑ የሚያወጣው ቆሻሻ ከየቤቱ በማን እንደሚሰበሰብ፣ በምን እንደሚጓጓዝ፣ ምን ያህሉ ተለይቶ ዳግም ጥቅም ላይ እንደሚውል፣ የተረፈው የት እንደሚያርፍና የዚህን ሁሉ ወጪ ማን እንደሚሸፍን ለተወሰኑ ዓመታት አስቀድሞ የሚወስን ሰነድ ነው። እንዲህ ያለ ሰነድ ቶሎ ያረጃል፤ የነዋሪው ቁጥር ይጨምራል፣ ሰው የሚገዛውና የሚጥለው ዕቃ ይለወጣል፣ ትናንት ከከተማ ውጭ የነበረ ማስወገጃ ዛሬ በመኖሪያ ቤቶች ተከብቦ ይገኛል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቆሻሻ መመሪያ አባል አገሮች ዕቅዳቸውን ቢያንስ በየስድስት ዓመቱ እንዲገመግሙና እንደ አስፈላጊነቱ እንዲከልሱ፣ በዝግጅቱም ላይ ሕዝቡ የመሳተፍ ዕድል እንዲያገኝ የሚያስገድደው ለዚህ ነው። በኢትዮጵያም በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲሱ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ በተለምዶ ፌስታል የሚባለውን የፕላስቲክ ከረጢት በመከልከሉ፣ ከዚያ በፊት የተዘጋጀ የከተማ ዕቅድ ሁሉ እንደገና መታየት የሚያስፈልገው ሆኗል።

ክለሳው በሕዝብ ተሳትፎ መካሄድ እንዳለበት የሚናገር ሕግ በኢትዮጵያ ጠፍቶ አያውቅም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 92 ሕዝቡ በቀጥታ የሚመለከቱት የአካባቢ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ሲታቀዱና ሲፈጸሙ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይደነግጋል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ፣ አንድ ፕሮጀክት በአየር፣ በውኃ፣ በመሬትና በሰው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አስቀድሞ የሚመረምረው ጥናት ለሕዝብ ይፋ እንዲሆንና በተለይ ጉዳቱ የሚደርስበት ማኅበረሰብ የሰጠው አስተያየት በጥናቱ እንዲካተት ያዛል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ደግሞ የከተማ አስተዳደሮች ዕቅዳቸውን ሲነድፉና ሲያስፈጽሙ ዝቅተኛውን የአስተዳደር እርከንና የአካባቢውን ማኅበረሰብ እንዲያሳትፉ ግዴታ ጥሎባቸው ነበር። እነዚህ ድንጋጌዎች በተግባር ሲፈተኑ ጎልተው የሚወጡት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፤ ሕዝቡ መቼ ተጠየቀ፣ ከሕዝቡስ መካከል የተጠየቀው ማን ነው?

የአዲስ አበባ የቅርብ ጊዜ ታሪክ ሁለቱንም ጥያቄዎች አጉልቶ ያሳያል። በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ የሚገኘውና ሕዝቡ ቆሼ ብሎ የሚጠራው የረጲ ማስወገጃ ከ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ የመዲናዋን ቆሻሻ ሲቀበል ኖሯል። ሥራ ሲጀምር ከከተማው ርቆ የነበረው ቦታ በጊዜ ሂደት ቤቶች እየከበቡት ክምሩም ተራራ እያከለ ስለሄደ፣ በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ድጋፍ በሰንዳፋ አዲስ ማስወገጃ ተሠራ። ሰንዳፋ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደብረ ብርሃን መንገድ ላይ የምትገኝ፣ በኦሮሚያ ክልል የምትተዳደር ከተማ ናት። የተሠራው ማስወገጃ ዘመናዊ የሚባለው ዓይነት ነበር፤ እንዲህ ባለው ቦታ ላይ ቆሻሻው ከአፈሩ ጋር እንዳይነካካ ከሥሩ ንጣፍ ይደረግለታል፣ ዝናብ ክምሩን አቋርጦ ሲወርድ የሚፈጠረውና ባለሙያዎች ሊቼት የሚሉት ጥቁር የተበከለ ፈሳሽም ወደ ምንጭና ወደ ወንዝ ከመግባቱ በፊት በቦይ ተሰብስቦ ይጣራል።

ማስወገጃው በ2008 ዓ.ም. አጋማሽ ሥራ ጀመረ፤ ይሁን እንጂ ዓመቱ ሳይሞላው፣ በዚያው ዓመት ክረምት፣ ተዘጋ። የአካባቢው አርሶ አደሮች ስለ ሽታው፣ ስለሚጠጡት ውኃ መበከልና ስለ ከብቶቻቸው መታመም አቤት ብለው፣ በመጨረሻም ቆሻሻ የጫኑ መኪኖች እንዳያልፉ አገዱ። ወቅቱ በኦሮሚያ ሰፊ ተቃውሞ የተቀጣጠለበት ስለ ነበር ጉዳዩን ከዚያ ነጥሎ ማየት አይቻልም፤ ሆኖም የአርሶ አደሮቹን ቅሬታ ከፖለቲካው ጋር ብቻ የተያያዘ አድርጎ መቁጠር እነሱን ሁለተኛ ጊዜ አለመስማት ይሆናል። አዲስ አበባ በዚያ ክረምት በየመንገዱ ዳር በተከመረና በዝናብ በራሰ ቆሻሻ ተጨንቃ ሰነበተች፤ መኪኖቹም ሊዘጋ ወደ ነበረው ቆሼ ተመለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ላይ የቆሼ ክምር ተንዶ በሥሩ የነበሩትን ቤቶች ሲውጥ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ግማሽ ምዕተ ዓመት ያለ በቂ ጥንቃቄ የተቆለለ ክምር የመናዱን ምክንያት ሁሉ በሰንዳፋ መዘጋት ላይ መጫን ልክ አይሆንም፤ ነገር ግን ቆሻሻው ወደዚያ የተመለሰው ሌላ ማረፊያ ስለ ጠፋ መሆኑ እውነት ነው። የጠፋውም ማስወገጃ ሳይሠራ ቀርቶ ሳይሆን፣ ተሠርቶ ካበቃ በኋላ በጎኑ የሚኖረው ሕዝብ ስላልተቀበለው ነበር።

ይህን መሰሉን ኪሳራ አስቀድሞ ለመከላከል የታሰበ ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 በዴንማርኳ ኦርሁስ ከተማ የተፈረመው ስምምነት የሕዝብ ተሳትፎ ገና ከጅምሩ፣ አማራጮች ሁሉ ክፍት ሳሉ መጀመር እንዳለበት ይደነግጋል። የቃሉ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው። ቦታው ተመርጦ፣ ብድሩ ተፈርሞ፣ ተቋራጩ ማሽኑን ካስገባ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ የቱንም ያህል ሰው ቢገኝበት መግለጫ ከመሆን አያልፍም፤ በአማርኛ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ዓይነት ነው። አሜሪካዊቷ ሼሪ አርንስቲን እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመችው ጽሑፍ የሕዝብን ተሳትፎ ስምንት እርከን ባለው መሰላል መስላ ስታስረዳ፣ ሰውን መንገርና ሐሳቡን መጠየቅ ከመሰላሉ መካከል እንደሚገኙ፣ ከእነሱ በላይ ግን ከባለሥልጣናት ጋር አብሮ መወሰን የሚባል እርከን እንዳለ አሳይታለች። ብዙ የቆሻሻ ዕቅዶች ከታችኞቹ እርከኖች በአንዱ ላይ ቆመው ከላይኛው የደረሱ ያህል ይጻፍላቸዋል።

ከመሰላሉ ጥቂት ከፍ ማለት የቻለ ሥራ በደቡብ እንግሊዝ በሃምፕሻየር ታይቷል። አውራጃዋ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አሮጌ የቆሻሻ ማቃጠያዎቿ አዲሱን የአየር ብክለት መመዘኛ ማሟላት ስላልቻሉ፣ በፖርትስመዝ አንድ ግዙፍ ማቃጠያ ለመትከል የቀረበው ሐሳብ ደግሞ በነዋሪው ተቃውሞ ውድቅ ስለሆነባት ተጨንቃ ነበር። የአውራጃው ምክር ቤት ያንኑ ሐሳብ አሻሽሎ እንደገና ከማቅረብ ይልቅ የተለያየ አቋም ያላቸው ነዋሪዎች የተካተቱባቸውን ሦስት የማኅበረሰብ አማካሪ መድረኮች አቋቋመ። የመድረኮቹ አባላት ለወራት ደጋግመው ተገናኝተው ባለሙያዎችን ጠየቁ፣ አማራጮችን አመዛዘኑ፤ በመጨረሻም ቆሻሻን መቀነስና መልሶ መጠቀም እስከ ቀደመ ድረስ ማቃጠል የመፍትሔው አንድ ክፍል ሊሆን እንደሚችል፣ ነገር ግን ሁሉን በአንድ ሰፈር ላይ መጫን ተገቢ እንዳልሆነ ደመደሙ። ከዚያ በመነሣት በአንዱ ግዙፍ ምትክ በሦስት የተለያዩ ቦታዎች ያነሱ ማቃጠያዎች ታቅደው በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ዓመታት ሥራ ጀመሩ። ተቃውሞ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ጊዜውም ረጅም ነበር። ሆኖም ነዋሪው ተወያይቶበት የተገኘው ዕቅድ ከመጀመሪያው በመሠረቱ የተለየ ነበር፤ ተሳትፎ እውነተኛ መሆኑ ከሚታወቅባቸው ምልክቶች ዋነኛው ይህ ነው፤ ዕቅዱ ከውይይቱ በኋላ ሌላ መልክ ይዞ ይወጣል።

ሕዝቡ ለዕቅዱ የሚያበረክተው ይሁንታን ብቻ አይደለም፤ ባለሙያው ከጠረጴዛው ሆኖ ሊያገኘው የማይችለውን ዕውቀትም ነው። በኢትዮጵያ የመንግሥት አጠራር ደረቅ ቆሻሻ የሚባለው በአብዛኛው ደረቅ አይደለም። በአንድ የአዲስ አበባ ግቢ በር ሥር የቆመ የማዳበሪያ ከረጢት ቢፈታ የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የከሰል አመድና የግቢ ጥራጊ ይወጣዋል፤ በበዓል ማግስት ቄጠማውና የበጉ ፈርስ ይጨመርበታል፤ በክረምት ደግሞ ያው ከረጢት ውኃ ጠጥቶ ክብደቱ ሌላ ይሆናል። ሽያጭ የሚያወጣው ነገር፣ ማለትም ሃይላንድ የሚባለው የውኃ ፕላስቲክ፣ ካርቶኑና ቆርቆሮው፣ ከረጢቱ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በቁራሌው እጅ አልፎ ወደ መርካቶ ምናለሽ ተራና ወደ ሌሎች ገዢዎች ሄዷል። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ በረጲ የተመረቀውና በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እያቃጠለ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የተነደፈው ፋብሪካ የሚገጥመው የቆሻሻ ባሕርይ ይህ ነው፤ ርጥብ ልጣጭና አመድ በበዛበት መጠን ከሚገኘው ሙቀት ላይ ብዙው ውኃውን በማትነን ይባክናል። ከረጢቱ በየወቅቱ ምን እንደሚይዝ የሚያውቁት ጋሪ እየገፉ በየቤቱ የሚዞሩት፣ በሥራው ቋንቋ ቅድመ ሰብሳቢ የሚባሉት የማኅበራት አባላት ናቸው። ልጣጩ ከምንጩ ተለይቶ ወደ ብስባሽ ማዳበሪያነት ይለወጥ የሚል ዕቅድ ቢወጣ፣ አንድ ቤተሰብ ሁለተኛ ከረጢት የሚያስቀምጥበት ስፍራ እንዳለውና እንደሌለው ሊናገሩ የሚችሉት እነሱና የቤቱ እመቤት ናቸው።

ክፍያውም እንዲሁ ነው። በአዲስ አበባ የቆሻሻ አገልግሎት ክፍያ ከውኃ ሂሳብ ጋር ተዳምሮ፣ በውኃ ፍጆታው ልክ በመቶኛ ሲሰበሰብ ቆይቷል። አሠራሩ ለመሰብሰብ ቀላል ነው፤ ግን በአንድ ቆጣሪ አምስት ተከራይ በሚጠቀምበት ግቢ ማን ስንት እንደሚከፍል፣ ብዙ ውኃ ተጠቅሞ ጥቂት ቆሻሻ የሚያወጣውም ለምን ብዙ እንደሚጠየቅ የሚያነሣው ነዋሪው ነው። ይህ ጥያቄ በረቂቁ ላይ ካልተነሣ ዕቅዱ ጸድቆ በየወሩ ሂሳብ ሲመጣ በእሮሮ መልክ ይነሣል።

ማን ይጠየቅ የሚለው ከዚህ ይከተላል። የምክክር ስብሰባ በሥራ ቀን ጠዋት 3 ሰዓት በወረዳ አዳራሽ ሲጠራ ቅድመ ሰብሳቢዎቹ ጋሪ ላይ፣ ቁራሌው መንገድ ላይ፣ ተከራዩ ሥራ ላይ ይሆናሉ፤ አዳራሹን የሚሞሉት ዘወትር የሚጠሩት ናቸው። እድር ግን በእሑድ ይሰበሰባል፣ የሁሉንም ቤት ያውቃል፣ መዋጮና ደንብ ማስከበርም ሥራው ነው፤ ረቂቅ ዕቅድ ወደ እድሩ ቢሄድ ሰውን ወደ አዳራሽ ከመጥራት የተሻለ ይሰማል። የሚቀርበውም ረቂቅ ብዙ መቶ ገጽ የያዘ የጥናት ሰነድ ሳይሆን፣ ቦታዎቹን በካርታ፣ ወጪውን በቤተሰብ ደረጃ፣ አማራጮቹንም ከነጉዳታቸው የሚያሳይ በጥቂት ገጾች የተጨመቀ ጽሑፍ መሆን ይኖርበታል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ከአስተዳደር ወሰን ማዶ ያለውን ሕዝብ መጠየቅ ነው። ከተማ የሚያቅደው ለራሱ ነዋሪ ነው፤ ቆሻሻው ግን ወሰን ተሻግሮ በሌላ ክልል አርሶ አደር ማሳ ጎን ሲያርፍ፣ ዕቅዱን ያጸደቀው ምክር ቤት የዚያ አርሶ አደር ተወካይ የለበትም። ስለዚህ ምክክሩ በቦታው፣ በአካባቢው ቋንቋ፣ በሰንዳፋ ሁኔታም በአፋን ኦሮሞ ካልተካሄደ፣ ለካሣና ለውኃ አቅርቦት የተገባው ቃልም በጽሑፍ ካልሰፈረ፣ በሕግ ረገድ ተሟላ ቢባል እንኳ ሰውን አያሳምንም። የተሰጠው አስተያየት የት እንደ ደረሰም መታወቅ አለበት። በጎ ልማድ ባላቸው አገሮች የቀረበው ሐሳብ በአንድ ዓምድ፣ አቃጁ የሰጠው ምላሽ በሌላ ዓምድ ተጽፎ ከመጨረሻው ዕቅድ ጋር ይታተማል፤ ያልተቀበሉትንም ለምን እንዳልተቀበሉት ይጽፋሉ። ሐሳቡ ውድቅ የተደረገበት ሰው ምክንያቱን አይቶ ሊከራከር ይችላል፤ ምላሽ ያላገኘ ሰው ግን ሁለተኛ ጊዜ ሲጠራ አይመጣም።

እንዲህ ያለው ምክክር ገንዘብና ጊዜ ይፈጃል የሚለው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ በሰንዳፋ ግን ብዙ ገንዘብ የወጣበት ማስወገጃ በወራት ውስጥ ሥራ አቁሟል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ነፋሱ ከየት ወደ የት ይነፍሳል፣ ከብቱ በበጋ ከየትኛው ምንጭ ይጠጣል፣ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚያልፉት በየት ነው፣ ከባድ ዝናብ ሲጥል ጎርፉ የማንን ማሳ ይመታል የሚሉትን ጥያቄዎች ለመመለስ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ከዛፍ ጥላ ሥር የተዘረጋ ካርታ፣ የሚባለውን በአገሩ ቋንቋ የሚጽፍ ሰውና የመጀመሪያው ዶዘር ከመድረሱ ከወራት በፊት የተያዘ ቀጠሮ ይበቃል።