ደንጊያን በጥቁር ማዕድኑ ብዛት ስለ መለየት

የእርሻ መሬት ሁሉ መጀመሪያው ደንጊያ ነው። ደንጊያው በፀሐይና በዝናብ፣ በውርጭና በዛፍ ሥር እየፈረሰ አፈር ይሆናል። ዘር ከልጓም ይስባል እንደሚባለው፣ አፈሩም የወለደውን የደንጊያ ጠባይ ይወርሳል። ስለዚህ አገር እንድታስተዳድሩ የተሾማችሁና መሬት የምታሳርሱ ሁሉ፣ ስለ አፈሩ ከመፍረዳችሁ አስቀድማችሁ ደንጊያውን ብትመረምሩ ለሕዝቡ ታላቅ ጥቅም ነው።

እሳት የወለደው ደንጊያ፣ ይኸውም ቀልጦ ከምድር የወጣው ወይም በምድር ውስጥ ሳለ የረጋው፣ በሁለት ወገን ማዕድን የተሠራ ነው። የነጩ ወገን ኳርትዝ፣ ፌልድስፓርና ነጭ ሚካ ናቸው። የጥቁሩ ወገን ኦሊቪን፣ ፒሮክሲን፣ አምፊቦል፣ ጥቁር ሚካና የብረት ማዕድን ናቸው፤ በእነዚህም ውስጥ ብረትና ማግኒዚየም በብዛት ይገኛል። ዓለም አቀፉ የጂኦሎጂ ሳይንሶች ኅብረት በሚከተለው ደንብ መሠረት፣ ጥቁሩ ከመቶ እስከ 35 ቢሆን ደንጊያው ከነጮቹ፣ ከ35 እስከ 65 ቢሆን ከመካከለኞቹ፣ ከ65 እስከ 90 ቢሆን ከጥቁሮቹ፣ ከ90 ቢበልጥ እጅግ ጥቁር ከሆኑት ይቈጠራል። ግራኒት ከነጮቹ ነው፤ ጋብሮ አብዛኛውን ጊዜ ከመካከለኞቹ ነው፤ ፔሪዶቲት እጅግ ጥቁር ከሆኑት ነው።

ቅንጣቱ በዓይን የሚታይ ደንጊያ ሲሆን ለመቍጠር ብዙ መሣሪያ አያሻም። የደንጊያው ውጪ በዝናብ ዝጎ መልኩን የለወጠ ስለ ሆነ፣ በመዶሻ ሰብሮ አዲሱን ፊት ማየት ይገባል። ከዚህ በኋላ 10 መሥመር በቁም፣ 10 መሥመር በአግድም የተሰመረበት ንጹሕ መስተዋት በላዩ አኑሮ፣ በ100ው መገናኛ ሥር ያለውን ቅንጣት መቍጠር ነው። 15ቱ በጥቁር ማዕድን ላይ ቢያርፉ፣ ጥቁሩ ከመቶ 15 ያህል ነው። በዓይኑ ብቻ የሚገምት ሰው ግን ጥቁሩን አብዝቶ ይገምታል። እንደ ባሳልት ያለው ቅንጣቱ የማይታይ ደንጊያ ሲሆን፣ 0.03 ሚሊ ሜትር ያህል እስኪሳሳ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ወደ መርማሪዎች መላክ ያስፈልጋል።

ነገር ግን የመልክ ጥቁረት አያታልላችሁ። ባልጩት ጥቁር ነውና ብዙ ሰው የባሳልት ዘመድ ይመስለዋል። እርሱ ግን ማዕድኑ ሳይለይ ፈጥኖ የቀዘቀዘ መስተዋት ነው፤ በስምጥ ሸለቆ የሚገኘው ባልጩት አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ 70 ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጠው ሲሊካ ስለ ሆነ፣ እውነተኛ ዘመዱ ግራኒት ነው። በአንጻሩ፣ በኦሊቪን ብቻ የተሠራ ደንጊያ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ እጅግ ጥቁር ከሆኑት ይቈጠራል። እንግዲህ ጥቁር ማለት የማዕድን ወገን ስም እንጂ የመልክ ስም አይደለም።

ይህ ዕውቀት ለእርሻ የሚሰጠው ጥቅም እንዲህ ነው። የኢትዮጵያ ደጋ ሰፊው ክፍል ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ ባሳልት የተሸፈነ ነው። ባሳልት ሲፈርስ ብረት፣ ካልሲየምና ማግኒዚየም ለአፈሩ ይሰጣል፤ ውሃ በሚወርድበት ተዳፋት ቀይ አፈር፣ ውሃ በሚተኛበት ሜዳ ዋልካ ይሆናል። በባቢሌ አካባቢ እንዳለው ያለ ግራኒት ግን ሲፈርስ ኳርትዙ አይሟሟምና አሸዋ ሆኖ ይቀራል፤ እንዲህ ያለው አፈር ውሃ አይዝም፣ ፍሬ የሚሰጠውም ፍግ ሲጨመርበት ነው። በዋልካ ላይ ውሃ የሚያወጣ ፈሰስ ማበጀት የሚገባ ሲሆን፣ በአሸዋው ላይ ግን የሚያሻው ውሃውን ማቆየት ነው። ለሁለቱም አንድ ትእዛዝ የሚሰጥ ሹም የገበሬውን የዓመት ድካም ከንቱ ያደርጋል።

ጎርፍ ከሩቅ ያመጣው አፈር ግን ከሥሩ ያለውን ደንጊያ አይመስልምና፣ በወንዝ ዳር ሲሆን ከላይ ያለውንም አገር ማየት ያስፈልጋል። ስለዚህ ከየቀበሌው አንድ አንድ ደንጊያ አስመጥቶ፣ የተገኘበትን ስፍራና የጥቁር ማዕድኑን ቍጥር ጽፎ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ማኖር ይገባል። ከእናንተ በኋላ የሚሾመው ሰው ሥራውን ካላችሁበት ይጀምራል እንጂ ከመጀመሪያው አይጀምርም።