ፕሮግራሚንግ ያስተማረችኝ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት

ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ስገባ አንዲት መስመር ኮድ ጽፌ አላውቅም ነበር። በትልቁ አዳራሽ ፕሮፌሰሩ ሲያስረዱ የገባኝ ይመስለኛል፤ ሄልስፊር ሰፈር ካለው ቤቴ ገብቼ ላፕቶፔን ስከፍት ግን የማደርገው ይጠፋኛል። እጄን ይዛ ያስጀመረችኝ በአንድ ዓመት ብቻ የምትቀድመኝ ተማሪ ናት። ዛሬ እኔም እንደ እሷ የቡድን አስተማሪ ነኝ። ከሄልስፊር በ4 ቁጥር ባቡር ተሳፍሬ ፎሽክኒንግስፓርከን እወርዳለሁ፤ የኢንፎርማቲክስ ትምህርት ክፍሉ እዚያው አጠገብ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የመግቢያው ኮርስ በፓይተን ይሰጣል፤ ቀድሞ ማወቅን አይጠይቅም። ንግግሩ የመምህራኑ ሲሆን፣ ተማሪው በትንንሽ ቡድን ተቀምጦ የሚለማመደው ግን ኮርሱን ቀደም ብለው ካለፉ ተማሪዎች ጋር ነው። «ኦብሊግ» የሚባሉትን አስገዳጅ የቤት ሥራዎች ያላለፈ ለፈተና አይቀመጥም፤ እነሱንም አይተን አስተያየት የምንጽፈው እኛ ነን።

አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። ጀማሪው ሁለት ቁጥር ተቀብሎ የሚደምር ፕሮግራም ይጽፋል። 2 እና 3 ሲያስገባ መልሱ 5 ሳይሆን 23 ይሆንበታል! ከኪቦርድ የገባው ሁሉ ለፓይተን ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፍ ከጽሑፍ ጋር ሲደመር ደግሞ ይቀጣጠላል እንጂ አይሰላም። ወደ ቁጥር ለውጠው ብሎ ማዘዝ ያስፈልጋል። ሃያ ዓመት ኮድ ለጻፈ ሰው ይህ ጥያቄም አይመስለውም። እኔ ግን እዚያው ላይ አምሽቼበታለሁና የት እንደሚያደናቅፍ አውቃለሁ። ቢሆንም መልሱን አልነግረውም፤ ኪቦርዱንም አልነካበትም። «ምን ይወጣል ብለህ ጠብቀህ ነበር?» እለዋለሁ። ዝም ብሎ ሲያስብ መጠበቅ ከሥራዬ ሁሉ ከባዱ ነው።

ይህ በጎ ፈቃድ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ቀጥሮን በሰዓት ይከፍለናል፤ ኃላፊነቱ ግን የመምህራኑ ነው። ሕንፃችን የተሰየመው ከክሪስተን ኒጎር ጋር ሲሙላ የተባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ በፈጠረው በኦሌ-ዮሃን ዳል ነው፤ ሁለቱ እ.ኤ.አ. የ2001ን የቱሪንግ ሽልማት ተቀብለዋል። እንዲህ ያለ ስም ያለው ክፍል ጀማሪውን ለተማሪ አደራ መስጠቱ ክብሩን አልቀነሰበትም። አሜሪካ ውስጥ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዚሁ መንገድ ይሠራል።

ለእኛስ ቢሆን መች አዲስ ነው? በቆሎ ትምህርት ቤት የኔታ ሁሉንም አያስቆጥሩም፤ ዳዊት የደገመው ፊደል የሚቆጥረውን ያስጠናዋል። አዲስ አበባም እ.ኤ.አ. በ2019 የተጀመረው ኤቱኤስቪ (A2SV) የተባለ ድርጅት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በአልጎሪዝም ሲያሠለጥን፣ ቀድመው ያለፉት ተከታዮቻቸውን ያስተምራሉ። በየትምህርት ቤቱ የምናውቀው የ«አንድ ለአምስት» አደረጃጀት ግን ከዚህ ይለያል። ጎበዙን ሥልጠናም ክፍያም ሳይሰጡ አምስት ሰው ማሸከም ለእሱም ለአምስቱም አይበጅም፤ ብዙ ቦታ ስም ብቻ ሆኖ የቀረውም በዚህ ይመስለኛል።

ስለዚህ አገር ቤት ያላችሁ የኮምፒውተር ሳይንስ ክፍል ኃላፊዎች፣ ልመናዬ ይህ ነው፦ በሚቀጥለው መስከረም አንድ የመግቢያ ኮርስ ምረጡ። አምና በደንብ ካለፉት ጥቂቶቹን ቅጠሩ፣ አሠልጥኗቸው፣ ትንሽም ቢሆን በሰዓት ክፈሏቸው፤ መምህሩም በየሳምንቱ ያነጋግራቸው።