ብሬከሩ የሚጠብቀው ማንን ነው?

እንጅባራ ላይ ምጣድ ተሰክቶ ቤቱ ድርግም ሲል መጀመሪያ የሚታየው የጎረቤት ቤት ነው። እዚያም ከጠፋ ጉዳዩ የመብራት ኃይል ነው፤ ከበራ ግን ዓይን ወደ ቆጣሪው ሥር ይዞራል። ማንሻው ወደ ታች የወረደው ትንሽ ነጭ ዕቃ ብሬከር ይባላል። አብዛኞቻችን ማንሻውን መልሶ ከመግፋት ያለፈ ትውውቅ የለንም። ደጋግሞ ሲወርድብን ደግሞ «ተበላሽቷል፤ ትልቅ ስጡኝ» ብለን ሱቅ እንሄዳለን። ባለሱቁም የተጠየቀውን ይሸጣል።

ከብሬከር በፊት ባልቦላ ነበር። ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ከልክ ያለፈ ኮረንቲ ሲመጣበት ቀልጦ ይበጠሳል። ሌላ ባልቦላ እስኪገዛ ግን ቤቱ ጨለማ ነው። ስለዚህ ከገመድ የመዳብ ክር መዝዞ ባልቦላው ላይ መጠምጠም ብልሃት ሆኖ ቀረ፤ በቆዩ ቤቶች ዛሬም አይጠፋም። የተጠመጠመው መዳብ በጊዜው አይቀልጥም፤ በእሱ ፈንታ ግድግዳው ውስጥ ያለው ገመድ ይቃጠላል። ጀርመናዊው ሁጎ ስቶትስ ማንሃይም ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1924 ያስመዘገበው ፈጠራ ለዚህ መላ ሆነ፦ ሳይቀልጥ የሚቆርጥ፣ ሲገፉት ተመልሶ የሚሠራ መከላከያ።

ብሬከር ሁለት ዓይነት አቆራረጥ አለው። አንዱ ቀርፋፋ ነው። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተጣብቀው የተሠሩበት ስስ ዝርግ ሙቀት ሲበዛበት ይጎብጣል፤ አንዱ ብረት ከሌላው ይበልጥ ስለሚለጠጥ ነው። ጎብጦም ስፕሪንጉን ይለቀዋል። ጭነት ሲበዛ ከደቂቃዎች በኋላ የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው። ሌላው ፈጣን ነው፦ ሾርት ሲፈጠር ጥቅል ሽቦው በአንድ ጊዜ ማግኔት ሆኖ ማንሻውን ይመታዋል።

ፊቱ ላይ «ሲ16» ተብሎ ከተጻፈ 16ቱ አምፔር ነው። እስቲ እናስላው፤ 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል። በዚያው መስመር ላይ በዲቫይደር ስቶቭ ሲጨመር ብሬከሩ ቢወርድ ሥራውን ሠራ እንጂ አልተበላሸም። ለመብራት በተለምዶ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ከ10 አምፔር ብሬከር ጋር ይገባል፤ ለሶኬት 2.5 ከ16 ጋር። ለምጣድ ግን ራሱን የቻለ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር መስመር ከ20 ወይም ከ25 አምፔር ብሬከር ጋር መዘርጋት ይሻላል። በ2.5 ገመድ ላይ 32 አምፔር ብሬከር የሚሰቅል ሰው ገመዱን ያለ ጠባቂ ትቶታል። በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ብዙው ቤት እንጨትና ጭቃ ነው፤ ገመዱም በቆርቆሮውና በማዳበሪያ ኮርኒሱ መካከል ያልፋል። እዚያ የሚነሳ እሳት ጭሱ እስኪሸት ድረስ አይታይም።

ይህ ጉዳይ ዛሬ የሚያሳስበው ጭነቱ ስለጨመረ ነው። ፋግታ ለኮማ ላይ ደከረንስ ተክሎ ከሰል በሚያከስል አገር እንኳ እንጀራ በኤሌክትሪክ መጋገር ብርቅ አይደለም። ከእንጅባራ በቻግኒ በኩል የሚወርደው መንገድ የሚወስደው ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደተመረቀውና 5,150 ሜጋ ዋት አቅም ወዳለው የህዳሴ ግድብ ነው። ግድቡ አዲስ ነው፤ የብዙ ቤት ገመድ ግን ለሁለት አምፖልና ለአንድ ሬዲዮ ታስቦ የተዘረጋ ነው።

አሁን ወደ ርዕሳችን እንምጣ። ተራ ብሬከር የሚጠብቀው ገመዱን እንጂ ሰውን አይደለም። ሰውን ለመግደል ከአንድ አምፔር እጅግ ያነሰ ኮረንቲ ይበቃል፤ ባለ 16ቱ ብሬከር ይህን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ለሰው የተሠራው ሌላ ዕቃ ነው፦ የሚሄደውንና የሚመለሰውን ኮረንቲ እያነጻጸረ የ30 ሚሊ አምፔር ልዩነት ሲያይ የሚቆርጠው። «ቲ» የሚል የመሞከሪያ ቁልፍ ስላለው ይለያል፤ ቁልፉን በየጊዜው እየተጫኑ መሞከር ነው። ምጣዱ ሲነኩት የሚነዝር ከሆነ በጣውላ ላይ ቆሞ መጋገር መፍትሔ አይደለም። ወይ የመሬት መስመር የለውም፣ ወይ ውስጡ ገመድ ተልጧል፤ ከሶኬት ይነቀል። የአዊ ምድር ርጥበት ስለማይለየው ለመሬት መስመር ይመቻል፤ ሳይቀበር የሚቀረው በቸልታ ነው።

በራስ እጅ ምን ይሠራል? አምፖል፣ ማብሪያ ማጥፊያና ሶኬት መለወጥ ይቻላል፤ ብሬከሩን አውርዶ፣ ለቤተሰቡም ነግሮ። በቴስተር ሲፈትሹ መጀመሪያ ኮረንቲ እንዳለው በሚታወቅ ሶኬት ላይ ቴስተሩ ራሱ መብራቱን ይዩ፤ የሞተ ቴስተር ስንቱን አታሏል! በገመዱ ቀለም ብቻም አይመኑ፤ ሠሪው እጁ የገባለትን ቀጥሎ ሊሆን ይችላል። ሁለት ገመድ ጠምዝዞ በናስትሮ ጠቅልሎ ግድግዳ ውስጥ መተው የኋላ ጣጣ ነው፤ ቅጥል ስካቶላ ውስጥ፣ በሞርሴቶ ይታሰር።

ከቆጣሪው ወደ ምሰሶው ያለው ግን የእርስዎ አይደለም፤ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ይደውሉ። መብራቱ በድንገት ከመጠን በላይ ቦግ ካለ ወይም ከደበዘዘ ዋናውን ወዲያው ያውርዱ። ምሰሶው ላይ ኒውትራል ሲላቀቅ 220 የነበረው ወደ 380 ቮልት ሊጠጋ ይችላል፤ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ሲቃጠል ብሬከሩ ቆሞ ያያል።

ምጣድ ሊያስገቡ ባለሙያ ሲጠሩ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ «ያለው ገመድ ስንት ነው?» ገመዱን ሳያይ «ብሬከሩን በትልቅ እንቀይረው» ካለዎት አመስግነው ይሸኙትና ሌላ ይጥሩ።