የዱለት ፊዚክስ

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በአካባቢው ገጠር ለበዓል በግ ሲታረድ ፈጥኖ ለገበታ የሚቀርበው ዱለት ነው። በሚገባ የታጠበው ጨጓራ ከጉበትና ከቀይ ሥጋ ጋር ድቅቅ ብሎ ይከተፋል፤ በንጥር ቅቤ፣ በሚጥሚጣና በኮረሪማ ታሽቶም ለጥቂት ደቂቃዎች እሳት ላይ ይቆያል። ስኮትላንዳውያን በበኩላቸው የበጉን ልብ፣ ጉበትና ሳንባ ከአጃና ከሞራ ጋር ቀላቅለው በጨጓራው ውስጥ ይሞሉና ሦስት ሰዓት ያህል ይቀቅላሉ፤ ስሙንም ሃጊስ ይሉታል። የጊዜው ልዩነት ከምን መጣ?

ሙቀት በሥጋ ውስጥ የሚጓዘው በዝግታ ነው፤ መሃል ለመድረስ የሚፈጅበትም ጊዜ ከውፍረቱ ካሬ ጋር ተመጣጣኝ ነው። 10 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር ሃጊስ ከ5 ሚሊ ሜትር የዱለት ቁራጭ 20 እጥፍ ይወፍራል፤ ጊዜው ግን 400 እጥፍ ይሆናል። ሃጊሱን ቡሬ ላይ ብንቀቅለው ደግሞ ይብሳል፤ ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነውና።

መክተፉ ግን ዕዳም አለው። በጨጓራው ገጽ የነበሩ ተሕዋስያን በድብልቁ ሁሉ ይሠራጫሉ። ስለዚህ ለብለብ የምንወድ ሁሉ (ጸሐፊውም ጭምር) ዱለቱ በሙሉ 70 ዲግሪ እስኪደርስ ልንታገሥ ይገባል፤ እሳቱ ከበረታና በደንብ ከተማሰለ የጥቂት ደቂቃዎች ጉዳይ ነው።