የማን ሃምሳ?

ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ጨርሶ ቤቱ ሲመለስ የሚጠብቀው ጥያቄ «ስንተኛ ወጣህ?» ነው። «ሁለት ነጥብ አንድ» ብሎ ቢመልስና እናት «ሁለተኛ ወጣልኝ!» ብላ እልል ብትል አይፈረድባትም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የልጇን ትምህርት ስትከታተል የኖረችው ከመቶ በሚታሰብ ነጥብና ካርዱ ላይ በሚጻፍ ደረጃ ነው። ግቢ ውስጥ ግን ደረጃ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ጂፒኤ ነው። ለልጁም 2.1 ማለት ከገደሉ አፋፍ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ብሎ መቆም ነው።

የመጀመሪያ ዲግሪ የሚሰጥበት ደንብ በየዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሕግ ውስጥ ይጻፋል፤ ዋና ዋናው ግን ከግቢ ግቢ ብዙም አይለያይም። ተማሪው በሥርዓተ ትምህርቱ የተዘረዘሩትን ኮርሶች በሙሉ ይወስዳል፣ ኤፍ ሳይዝ ይጨርሳል፣ አጠቃላይ አማካዩን ቢያንስ 2.00 ያደርሳል። ከዚያ በታች የወረደ እንደ አወራረዱ ዋርኒንግ ይጻፍበታል፣ ፕሮቤሽን ይገባል፣ ወይም ይባረራል። ተባሮ በሪአድሚሽን መመለስ የሚቻልበት መንገድ አለ፤ ጨርሶ የማይመለሱበትም አለ። ፍሬሽ ላይ ደንቡ ጥቂት ለዘብ ይላል፤ ገና ከቤቱ የወጣ ልጅ እስኪለምድ ጊዜ ይሻል ተብሎ ነው።

ይህች 2.00 ምን እንደምትመዝን ለማየት ትንሽ ሒሳብ ያስፈልጋል። ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2፣ ዲ 1 ነጥብ ነው፤ ፕላስና ማይነሱ በመሐል ይገባሉ። አንድ ተማሪ እኩል ክሬዲት ካላቸው አምስት ኮርሶች አንድ ቢ፣ ሦስት ሲ፣ አንድ ዲ ቢያገኝ ድምሩ 10፣ አማካዩ ልክ 2.00 ይሆናል። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በሚሠራበት የነጥብ ሠንጠረዥ ሲ ከ50 እስከ 60፣ ዲ ደግሞ ከ40 እስከ 45 ያለ ውጤት ነው። ስለዚህ ልጁ አንዱን ኮርስ ከግማሽ በታች ቢያውቀውም በቢው አካክሶ ያልፋል። አማካይ ማለት ይኸው ነው፤ የአንዱን ጉድለት በሌላው ይሸፍናል። ይህን እንደ ነውር የሚያዩት አሉ፤ እኔ አይደለሁም። ሁሉም ኮርስ ላይ እኩል የበረታ ሰው የት ይገኛል?

ይልቅ የሚያነጋግረው ሲ የሚባለው ፊደል ራሱ ትርጉሙ መቀየሩ ነው። በቀድሞው አሠራር መምህሩ ውጤቱን የሚደለድለው የክፍሉን ተማሪዎች እርስ በርስ አወዳድሮ ነበር። ኤ የሚያገኙት ጥቂቶች፣ ሲ የሚያገኙት ብዙኃኑ፣ ከታች የሚቀሩትም የታወቁ ነበሩ፤ ፈተናው ከብዶ 45 ያመጣ ልጅ ከጓደኞቹ ከበለጠ ቢ ሊያገኝ ይችል ነበር። ከ2000 ዓ.ም. በኋላ ሞጁላር ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ ግን ወሰኑ አስቀድሞ ተቆረጠ፤ ሃምሳ ያመጣ ሲ ነው፣ አበቃ። ከዚያ ወዲህ ሲ «ከክፍሉ መካከለኛ ነው» ማለቱ ቀርቶ «ከተማረው ግማሹን ያውቃል» የሚል ምስክርነት ሆነ። ይህ ምስክርነት በኋላ ምን እንደገጠመው እመለስበታለሁ።

ለዲግሪ የሚጠየቀው ነገር ሲቀያየር የኖረ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ማስተማር ሲጀምር ተማሪዎቹ ጥቂቶች ነበሩ። በ1954 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከተቋቋመ በኋላ፣ ከ1957 ጀምሮ አንድ እንግዳ የመመረቂያ መስፈርት ተጨመረ፤ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ የትምህርት ዘመን ክፍለ ሀገር ወርዶ ማገልገል ነበረበት። አብዛኞቹ የሄዱት በመምህርነት ነው። የዚያ ዘመን ሰዎች ሲያወሩ ከየትኛውም ኮርስ ይልቅ ያችን ዓመት ያስታውሷታል፤ ሀገራቸውን ያዩት ያኔ ነውና። ዛሬ እንዲህ ያለውን መስፈርት በጂፒኤ ቋንቋ ማስላት ያስቸግራል፤ ክሬዲቱ ስንት ይባላል?

የቆይታ ዓመቱም እንደዚሁ ነው። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ 11ኛና 12ኛ ክፍል መሰናዶ ሆኑ፤ የፍሬሽማን ትምህርት ወደዚያ ወርዷል ተባለና በ1996 ዓ.ም. አራት ዓመት ይፈጅ የነበረው ዲግሪ ወደ ሦስት አጠረ። ያኔውኑ የዩኒቨርሲቲው ቁጥር ይበዛ ጀመር፤ በ1980ዎቹ ማብቂያ አዲስ አበባና አለማያ ብቻ የነበሩት ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። በመሰናዶ ይሸፈናል የተባለው ትምህርት ግን በየትምህርት ቤቱ መምህርና መጽሐፍ እየጠፋ ሳይሸፈን ቀረ። በትምህርት ፍኖተ ካርታው ጥናት መሠረት በ2012 ፍሬሽማን ተመለሰ፤ ሎጂኩ፣ ሳይኮሎጂው፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊው፣ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂው። የመጀመሪያዎቹ ፍሬሾች ግን ዓመቱን እንኳ አልጨረሱም፤ መጋቢት ላይ ኮሮና መጣና ሻንጣቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ተበተኑ።

እነዚህ ልጆች አራት ዓመት የሚፈጀውን ትምህርት ሊጨርሱ የታሰበው በ2015 ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ሀገር አቀፉ የመውጫ ፈተና ተጀመረ። ለሕግ ተማሪዎች አዲስ አልነበረም፤ እነሱ ከአሥር ዓመት በላይ ሲፈተኑ ቆይተዋል። ለሌላው ግን ዱብ ዕዳ ነበር፦ በኮምፒውተር የሚሰጥ የምርጫ ጥያቄ፣ ማለፊያውም 50። 2.00 ቢኖረውም፣ ኮርሱን ሁሉ ቢያጠናቅቅም ሃምሳን ያላለፈ ዲግሪ አያገኝም።

በመጀመሪያው ዙር 150,184 ተፈትነው ያለፉት 61,054 ናቸው፤ ከመቶ 40.65። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ተፈታኞች 62 ከመቶ ገደማ ሲያልፉ፣ ከግል ተቋማት ያለፉት 17 ከመቶ አካባቢ ነበሩ።

ወደ ሲው እንመለስ። መምህሩ «ከኮርሱ ግማሹን ያውቃል» ብሎ ሲ ሰጥቷል፤ ትምህርት ሚኒስቴርም የሚጠይቀው ግማሹን ነው። ሁለቱ ሃምሳዎች አንድ ቢሆኑ ኖሮ የሚወድቅ ሰው ባልበዛ። ታዲያ የተሳሳተው የማን ሃምሳ ነው?

ብዙ ሰው ጣቱን ወደ መምህሩ ይቀስራል። ምክንያትም አያጣም። ከውጤቱ ሰፊው ክፍል ከተከታታይ ምዘና ይመጣል፤ ምዘናው ደግሞ ብዙ ጊዜ የቡድን አሳይመንት ነው፤ አንድ ለአምስት የሚባለው የተማሪ ቡድን በነገሠበት ዘመን አምስት ስም የሰፈረበትን ወረቀት አንድ ልጅ ጽፎ አምስቱ እኩል ነጥብ ይወስዱበት እንደነበር የማያውቅ ተመራቂ የለም። ኤፍ ያበዛ መምህርም «ምን ስታስተምር ከረምክ?» የሚል ጥያቄ ይጠብቀዋል። ሲ መስጠት ለሁሉም ሰላም ነው።

ነገሩ ግን እዚህ ላይ አያልቅም። የመውጫ ፈተናው የሚጠይቀው የበርካታ ኮርሶችን ጭማቂ በአንድ ቁጭታ ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ ኮርሱን በ52 ያለፈ ልጅ ከሁለት ዓመት በኋላ ከእሱ ውስጥ 40 ቢቀረው መምህሩ ዋሽቷል አያሰኝም፤ ሰው ይረሳል። ስለዚህ 2.00 ይዞ የወደቀው ብዙም አያስደንቀኝም። የሚያስደነግጠኝ 3 ነጥብ ይዞ የወደቀው ነው፤ እዚያ ላይ መርሳት ብቻውን አይበቃም። የግል ተቋማቱንም በ17 ከመቶ ብቻ መፍረድ ይከብዳል፤ ለዓመታት ይቀበሉ የነበሩት በአብዛኛው መንግሥት ሳይመድባቸው የቀሩትን፣ ቀን እየሠሩ ማታና ቅዳሜ እሑድ የሚማሩትን ነበር። ይህ ግን ያን ሁሉ ዓመት «ብቁ ነህ» ብለው ክፍያ ከመቀበል ነፃ አያወጣቸውም።

ሃምሳ ሌላም ቦታ ቆሟል፦ መግቢያው ላይ። ጥቅምት 2015 በየዩኒቨርሲቲው ግቢ በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ፍሬሽማን ባዶ እንዳይቀር ከእነሱ በታች ላሉት ሪሚዲያል የሚባል የማካካሻ ትምህርት ተከፈተ፤ ያንንም ለማለፍ ሃምሳ ያስፈልጋል። እንግዲህ መግቢያውም መውጫውም ጠበቀ። መሐሉ ግን፣ ተማሪው አራት ዓመት የሚኖርበት ቤት፣ እንደነበረ ነው፤ ያው ላብራቶሪ፣ ያው የተጨናነቀ ክፍል፣ ያው አሳይመንት።

በእኔ ግምት ከማለፊያ ቁጥሩ ይልቅ የሚጠቅመው ዝርዝሩ ነው። የአንድ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች በየትኛው ኮርስ ጥያቄዎች ላይ እንደወደቁ ለዚያ ትምህርት ክፍል ተነግሮ፣ እሱም የሰጠውን ግሬድ ጎን ለጎን አስቀምጦ ቢያይ፣ የትኛው ሲ እንደላላ በአንድ ከሰዓት ስብሰባ ይታወቃል። ያ ካልሆነ ፈተናው ልጁን ብቻ ነው የሚመዝነው።

የወደቀው ልጅ በሚቀጥለው ዙር ደግሞ መቀመጥ ይችላል። እስከዚያው ዶርሙን አስረክቧል፣ የካፌ ተራውም አልቋል፤ የሚያጠናው ቤቱ ሆኖ ነው። ትራንስክሪፕቱ ሁሉንም ኮርስ እንዳለፈ ይናገራል። እናት «ታዲያ ካለፍክ ወረቀቱን ለምን ከለከሉህ?» ብላ ትጠይቀዋለች።